ዘበኞቼና ግማሽ ብርጭቆ ሻይ

ከታመምኩ ወዲህ ሙሉ ብርጭቆ ሻይ ቀርቦልኝ አያውቅም። ሐኪም ከልክሎኝ እንዳይመስላችሁ፤ የከለከለችኝ ባለቤቴ ናት። ቀኝ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ፣ እንዳላፈስና እንዳልቃጠል ብላ ግማሽ ትቀዳልኛለች፤ እሱን ስጨርስ ደግሞ ሌላውን ግማሽ። መጀመሪያ ደግነት ነበር። በኋላ ነገሩ ከቤት ወጥቶ ሐይቅ ከተማን አዳረሰ። ሻይ ቤት ስገባ ሳልናገር ግማሽ ይመጣልኛል፤ ሰደቃ ስጠራ ግማሽ፤ ለቅሶ ቤት እንኳ፣ ሰው በሐዘን ራሱን በረሳበት ቦታ፣ የእኔ ግማሽ አልተረሳም። ዕድሜ ልኬን «ግማሽ መልስ መልስ አይደለም» እያልኩ በቀይ እስክሪብቶ ሳሰምር የኖርኩ ሰው ነኝ። የልጆቹ ግፍ ሳይሆን አይቀርም።

ሥራዬ ባዮሎጂ ማስተማር ነበር። ቤቴ ሐይቅ ነው፤ ያስተማርኩት ግን አብዛኛውን ዘመን አምባሰል፣ ውጫሌ ነው። ስለዚህ ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ባለው መንገድ ያልተቆጣሁት ሰው ጥቂት ነው። ባጃጁን የሚነዳው ተማሪዬ ነው፤ ጤና ጣቢያ መርፌ የምትወጋኝ ተማሪዬ ናት፤ መስጂድ ከፊታችን ቆሞ የሚያሰግደን ሼህ ዘጠነኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሯል። ዲኑን አላህ ገለጠለት እንጂ በእኔ ፈተናስ ዛሬም እዚያው ነበር።

እነዚህ ሁሉ ከእኔ ትምህርት የሚያስታውሱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘበኛውን። ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚከላከል የማስተምር ቀን፣ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ከነዱላው አስገባና በሩ ላይ አቆመዋለሁ። «ይህ ነጭ የደም ሴል ነው» እላለሁ። ከኋላ ወንበር አንዱን ረባሽ አስነስቼ ደግሞ፣ «አንተ ጀርም ነህ፤ እስቲ ሞክርና ግባ» እለዋለሁ። ዘበኛችን ጨዋታ የሚባል ነገር የማያውቅ ሰው ነበር። አንድ ዓመት ጀርሙን ከምሩ ቅልጥሙ ላይ አቀመሰው፤ ልጁ ሳምንት ሙሉ አነከሰ። ክፍሉ ሲስቅ እኔ ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ጤና የፈለገ ዘበኛውን ያበርታ» ብዬ ጽፌ አስቀዳኋቸው። በየዓመቱ ይህንኑ አስቀድቻለሁ፤ ስኮራበት የኖርኩት ዓረፍተ ነገርም ይኸው ነው።

በሽታው ሲጀምር እጄን አላንቀጠቀጠም። ጽሕፈቴን ነው ያሳነሰው። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ መስመሩ በትልቁ ይጀምርና ጫፉ ላይ ሲደርስ ፊደሉ ጉንዳን ያህላል። ከኋላ ያሉት «ቲቸር፣ አይታይም» ሲሉኝ፣ «ቀኑን ሙሉ ሞባይል ላይ ተደፍታችሁ እንዴት ይታያችሁ፤ ዓይናችሁን ታከሙ» እላቸዋለሁ። አንዲት ምስኪን እውነት መስሏት ደሴ ድረስ ሄዳ ተመርምራ መጣች። «ዓይንሽ ደህና ነው አሉኝ፣ ቲቸር» ብትለኝ፣ «እንግዲያው ችግሩ ጭንቅላትሽ ነው» አልኳት። የማን ጭንቅላት እንደነበር አሁን አውቃለሁ። አፉ በይኝ እንዳልላት የት እንደደረሰች አላውቅም።

ከዚያም በፊት ማሽተት ጠፍቶብኝ ኖሯል። ከሐይቁ ዳር ዓሣ ገዝቼ ስገባ ባለቤቴ አፍንጫዋን ይዛ «ይህን የከረመ ነገር ከየት አመጣኸው?» ትላለች፤ ለእኔ ምንም አይሸተኝም። ማጋነኗ ነው ብዬ አንዱን ቀን ብቻዬን በላሁት። ሆዴ ያለኝን እዚህ አልጽፈውም። እጄ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ደግሞ ኪሴ ውስጥ ደበቅኩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ ግን ተረት ለተማሪ እንጂ ለአስተማሪ የሚተረት አይመስለኝም ነበር። ኪሴ ሲንቀጠቀጥ ያየ ሁሉ «ቲቸር፣ ስልክዎ እየጠራ ነው» ይለኛል። «ተወው፣ የማልፈልገው ሰው ነው» እላለሁ። ይህስ ውሸት አልነበረም።

በመጨረሻ ባለቤቴ እየጎተተች ደሴ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው። ጣቶቼን አስጨበጠኝ፣ አስነሳኝ፣ አስኬደኝ፤ አንድ መስመር ዓረፍተ ነገር አጻፈኝና ፊደሉ እየጠበበ ሲሄድ አየ። ፓርኪንሰን ነው አለኝ። ከዚያ የሱሪውን እግር ትንሽ ከፍ አድርጎ ቅልጥሙን አሳየኝና፣ «ቲቸር፣ ጀርሙ እኔ ነበርኩ» አለ። ያ ከኋላ ወንበር ያስነሳሁት ረባሽ ነው። ነጭ ጋዋን ለብሶ በእኔ ላይ ሊፈርድ ተቀምጧል፤ አጀብ ነው።

«ዘበኛችን ኳስ የጠፋ ጊዜ የሠራውን ያስታውሳሉ?» አለኝ።

እንዴት እረሳለሁ። ከዕቃ ቤት አንዲት ኳስ ጠፍታ ሰውዬው ዕብድ ሆነ። የሚገባውንም የሚወጣውንም ይፈትሻል። መታወቂያ የረሳ የሒሳብ አስተማሪ በዱላ ተመትቶ ተመለሰ፤ ውኃ የምትቀዳልን ሴት እንስራዋ ተሰበረ። ኳሷ በሦስተኛው ሳምንት ጣሪያ ላይ ተገኘች። ዘበኛው ግን አልበረደም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ጭራሽ ባሰበት። ዓመቱ ሳያልቅ ሁለት አስተማሪ ለቆ ሄደ።

«አንጎልዎ ውስጥ የሆነው ይህንን ይመስላል» አለኝ ሐኪሙ። «አንጎልም የራሱ ዘበኞች አሉት፤ ቆሻሻ የሚጠርጉ፣ ጀርም የሚጠብቁ ትንንሽ ሴሎች ናቸው። በዚህ በሽታ አንድ ፕሮቲን ቅርጹ ተበላሽቶ ይጓጉላል። ዘበኞቹ ያንን ያዩና ይቆጣሉ። ከደም ውስጥም ሌሎች ነጭ ሴሎች ለእርዳታ ይገባሉ። ቁጣው አልበርድ ሲል ዱላው ጎረቤት ያሉትን ጤነኛ ሴሎች ያገኛል። እነዚያ ዶፓሚን የሚሠሩት ናቸው፤ እጅዎ የሚታዘዝልዎ በዶፓሚን ነው።»

«ታዲያ ጀማሪው ዘበኛው ነው?» አልኩት። ሌላው ቢቀር ጥያቄ የመጠየቅ አመሌ አልተንቀጠቀጠም።

«እሱ ገና አልተለየም። ዘበኛው ስለተቆጣ ነው ሴሉ የሚሞተው፣ ወይስ ሴሉ ሲሞት አይቶ ነው ዘበኛው የሚቆጣው፣ ተመራማሪዎቹም ይከራከራሉ። ዘበኛውን የሚያበርድ መድኃኒት እየተሞከረ ነው፤ ለሕክምና የወጣ ግን የለም። ይህ የምሰጥዎ ክኒን የጎደለውን ይተካል እንጂ ዘበኛውን አያበርድም።»

ጥሩ አስረዳ። ከእኔ የተሻለ አስረዳ፤ ይኸው አንገበገበኝ። ስወጣ «ለዛሬው ከአሥር ዘጠኝ ሰጥቼሃለሁ» አልኩት። አንዱን የቀነስኩበት ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ ያውቀኛል።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሐይቅ ገባ። በማግስቱ ባጃጅ ነጂው ተማሪዬ በራችን ላይ ቆሞ አንድ ፌስታል ነጭ ሽንኩርት አወረደ። «ቲቸር፣ ጤና የፈለገ ዘበኛውን ያበርታ ብለውን የለ?» አለኝ። ከሰዓት ጥቁር አዝሙድ መጣ፤ ከሞት በስተቀር ለሁሉ መድኃኒት ነው ተብሎ። ከአምባሰል ማር ተላከ፤ ፌጦ፣ ዝንጅብል፣ የሽፈራው ቅጠል ተከተለ። ያስተማርኩት ትውልድ በሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ይዞ ቤቴን ከበበው። ሌላ አገር ቢሆን ሰው ያስተማሩትን ይረሳል። የእኔዎቹ በፈተና ቀን የረሱትን ሁሉ ለበሽታዬ ቀን አስታወሱት።

«አይ፣ የእኔ ዘበኞች ችግራቸው ድክመት አይደለም፤ መቆጣት ነው። መብረድ እንጂ መበርታት አያስፈልጋቸውም» ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። ድምፄ ደግሞ ከበሽታው ጋር ዝቅ ብሏል። ባጃጅ ነጂው ባለቤቴን ዞር ብሎ አያትና፣ «በሽታው ወደ ጭንቅላት ወጥቷል ማለት ነው፤ አላህ ያሽረው» አላት። በሽታው ጭንቅላት ውስጥ መሆኑን በትክክል የመለሰ የመጀመሪያው ተማሪዬ እሱ ነው፤ ነጥብ ግን አይሰጠውም። ነጭ ሽንኩርቱንም በላሁት፤ ባለቤቴ ቁማ ታስበላኝ ነበር። ሽታው ለእኔ አይሸተኝም፤ መስጂድ ውስጥ ግን አጠገቤ ሆኖ የሚሰግድ ጠፋ።

እንግዲህ ከአንጎሌ ዘበኞች የባሱት እቤቴ ያሉት ነበሩ። ባለቤቴ የሸሚዜን ቁልፍ ትቆልፋለች፤ ዳቦዬን ትቆርሳለች፤ ሰው ሲጠይቀኝ መልሱን እሷ ትመልሳለች። ታናሽ ወንድሜ፣ ሐይቅ ላይ ጨርቅ የሚነግደው፣ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ እንደ ብርጭቆ ክንዴን ይይዘኛል። ከክፋት አይደለም። ዘበኛችንም ከክፋት አልነበረም።

ይህ ሁሉ እየሆነ ሳለ ልጄ ታጨች። አንዲት ሴት ልጅ ነው ያለችኝ። ባሏ የሚሆነው የአምባሰል ልጅ ነው፤ ጨዋ ነው፤ እሱንም አስተምሬዋለሁ፤ መካከለኛ ተማሪ ነበር። በኒካሕ ቀን አባት ከሙሽራው ፊት ይቀመጣል፤ ቀኝ እጅ ለቀኝ እጅ ይያያዙና «ልጄን ድሬልሃለሁ» ይላል። ልጄ ከተወለደች ጀምሮ ያንን ቀን ሳስበው ኖሬያለሁ። ሌላ የምሰጣት የለኝም፤ አስተማሪ ነኝ።

አንድ ቀን ባለቤቴና ወንድሜ አጠገቤ ተቀመጡ። ግማሽ ሻዬ ቀረበ። ወንድሜ «ጋሼ፣ ኒካሑን እኔ ወኪል ሆኜ ባስርልህስ? አትደክም» አለኝ። መልስ ለማውጣት ጊዜ ይፈጅብኛል፤ ቃሉ ከጉሮሮዬ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። እኔ ቃሌን ስፈልግ ወንድሜ «እሺ ብሏል» ብሎ ተነሣ። ዝምታ ፈቃድ ነው የሚባለው ለሙሽራ ነው፤ ለሙሽራ አባት ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

«አላልኩም» አልኩ በመጨረሻ። «በሕይወት እያለሁ ልጄን የምድረው እኔ ነኝ።»

ባለቤቴ አለቀሰች። «እጅህ እንዲያ እየተንቀጠቀጠ የሙሽራው ወገን ሲያይህ ምን ይላል? ዘር ያለበት በሽታ ነው ይላል። ነገ ልጅ ስትወልድ የልጁን እጅ ያያሉ። እንደዚያ እንድትታይ ነው የምትፈልገው?»

ይህ አመመኝ። ከበሽታዬም በላይ አመመኝ። በአብዛኛው ሰው ላይ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ በሽታ እንዳልሆነ ሐኪሙ ነግሮኛል፤ የዘር ውርስንም ሠላሳ ዓመት ያህል አስተምሬያለሁ። ግን ለሙሽራ ዘመዶች ሰሌዳ ላይ ሥዬ አላስረዳም። ዝም አልኩ። ይሄኛውም ዝምታ እሺ ተብሎ ተወሰደ። ወንድሜ ለኒካሑ ነጭ ጀለቢያ አሰፋ።

እኔ ግን በሆዴ ዕቅድ ነበረኝ። ክኒኑ ከተዋጠ ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ እጄ ይበርዳል፤ ሦስት ሰዓት ያህል ሰው እሆናለሁ። ኒካሑ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው ተብሏል። ሰዓቱን አስልቼ፣ ሥጋ ክኒኑን ያዘገየዋል ስለተባልኩ የሠርጉን ሥጋ ሳልቀምስ፣ በባዶ ሆዴ ዋጥኩ። በሰዓቱ እጄ እንደ ድንጋይ ጸጥ አለ። እጄን ዘርግቼ ለወንድሜ አሳየሁት፤ ትንሽ ቅር አለው። ጀለቢያው ያምር ነበር።

የረሳሁት የሙሽራው ወገን ሐበሻ መሆኑን ነው። ዙህር ተሰገደ፣ የሉም። ተደወለ። «ደርሰናል፣ ከተማው መግቢያ ላይ ነን» አሉ፤ ከስልኩ ውስጥ የውጫሌ ገበያ ይሰማል። እንደገና ተደወለ፤ «አሁን ታጥፈናል» አሉ። የት እንደታጠፉ አላህ ይወቅ። ሲመጡ የዓስር ሶላት ተቃርቦ ነበር። መኪናቸው ጡሩንባውን እየነፋ ሲገባ እኔ ጣቶቼን እያየሁ ነበር። አውራ ጣቴ መጀመሪያ ተነሣ፤ ከዚያ እጄ በሙሉ ተከተለው። ባለቤቴ ሴቶቹን ከከለለው መጋረጃ በኩል አየችኝና ለወንድሜ በዓይኗ ጠቀሰችው። እሱም ከሙሽራው ፊት ሄዶ ተቀመጠ።

ደንቡ ሁለት ምስክሮች ወደ ሙሽሪት ገብተው «ወኪልሽ ማን ነው?» ብለው እንዲጠይቋት ነው። መልሱን እናቷ ቀድማ አስጠንታታለች፤ አጎቴ በይ ብላ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ምስክሮቹ ገቡ፤ ቆዩ። ሲወጡ ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠረገና፣ «አባቴ እያለ ሌላ ማን ተጠርቶ ነው፣ ብላለች» አለ።

ወንድሜ ጀለቢያውን ሰብስቦ ተነሣ፤ ሲያልፍ ክንዴን ሊይዘኝ እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው። ይህንን አልረሳለትም። እኔም ቀስ ብዬ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሙሽራው እጁን ሰጠኝ፤ እጄ እንደተንቀጠቀጠ እጁ ውስጥ ገባ። ልጁ ደነገጠና እንዳይታይብኝ ብሎ እጄን ጥርቅም አድርጎ ያዘው፤ «አይዞዎት ቲቸር» አለኝ በሹክሹክታ። አዲስ ዘበኛ ተቀጠረልኝ ማለት ነው።

«ያዝ እንጂ አትጭመቅ» አልኩት።

ለቀቅ አደረገው። ያኔ የእኔ እጅ እንደ ልቡ ተንቀጠቀጠ፤ የእሱም አብሮ። ሼሁ ቃሉን አስባለኝ። «ልጄን ድሬልሃለሁ» አልኩ፤ ግን ድምፄ ከጢሜ አላለፈም። ከኋላ አንዱ «አልተሰማም» አለ። ደገምኩት። «አልተሰማም፤ ጮክ ይበል» አለ ያው ድምፅ። ዞሬ ባላየውም ተማሪዬ መሆኑን አወቅኩ፤ «ጮክ በል፣ አልተሰማም» እያልኩ ስንቱን ክፍል ፊት ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ ቃሌን ከነቃናው ነው የመለሰልኝ። ለሦስተኛ ጊዜ አፌን ስከፍት ምንም አልወጣ አለ።

«ተሰምቷል» አለች ልጄ ከመጋረጃው ጀርባ።

ሙሽራ እንዲያ አትናገርም። ሴቶቹ «እረፊ» ሲሏት ተሰማ። ሼሁ፣ ያ ዘጠነኛን የደገመው፣ ወደ ምስክሮቹ ዞረና «እናንተስ?» አላቸው። «እኛም ሰምተናል» አሉ። «እንግዲያው የኋላው ሰው ጆሮውን ይታከም» አለ። ሙሽራው «ተቀብያለሁ» አለ፤ ፋቲሓ ተቀራ። ለሼሁ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል የቀነስኩበትን ነጥብ በልቤ መለስኩለት።

በኋላ የሰማሁት፣ ከሙሽራው ወገን ያሉ ሴቶች «አባቷ ሳይወድ ነው የዳራት፤ ፊቱ አልተፈታም» አሉ። ይህ በሽታ ፊትንም ያስራል፤ የውስጥህን ወደ ውጭ አያወጣልህም። እኔ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ፊቴ ግን ፈተና የሚያርም ፊት ነበር። ስለ ዘርና ስለ እጅ ያወራም አልጠፋም፤ እናቷ የፈራችው ደረሰ። ልጄ ሰምታ «ይበሉ» አለች። እኔን ግን አሁንም ይከነክነኛል።

ምግቡ ተበልቶ ሻይ ሲመጣ፣ ልጄ ከመውጣቷ በፊት ከእናቷ ጋር አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ባለቤቴ የሻዩን ማንቆርቆሪያ አንሥታ ልትቀዳልኝ ግማሹ ላይ ስትደርስ፣ ልጄ ክንዷን አልያዘችባትም፤ ዝም ብላ አየቻት ብቻ። ባለቤቴ እስከ አፉ ሞላችው። ተቀበልኩ። ወደ አፌ ሳነሣው በአዲሱ ነጭ ልብሴ ላይ ወረደ፤ ትኩስ ነበር። ባለቤቴ ፎጣ ይዛ ልትነሣ ስትል ልጄ ቀሚሷን ይዛ አስቀመጠቻት።

ግማሹ ፈሰሰ፤ የቀረውን ጠጣሁ። ሲቆጠር ያው ግማሽ ነው። ግን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ።